«ሊንኩን ተጭነው አስተያየትዎን ይስጡን» ላላችሁን ሰዎች

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ቡና ያዙ፤ ሥራ ያለባችሁ ሴቭ አድርጋችሁ ማታ አንብቡት።

ሰሞኑን በቴሌግራም አንድ ሊንክ ደረሰኝ። የእናቶችና የሕፃናት አመጋገብ ዲጂታል መጽሐፍ ረቂቅ ነው። «መጽሐፉን አውርደው ያንብቡ፤ ከዚያም አጭሩን ቅጽ በመሙላት ስለ ዲዛይኑ ያለዎትን አስተያየት ያካፍሉን። አስተያየትዎ ለእኛ ዋጋ አለው» ይላል። ያዘጋጀውን ድርጅት ስም አልጠራም። ስም ብጠራ የአንድ ድርጅት ጥፋት ይመስላል፤ እኔ ግን እንዲህ ዓይነት ሲደርሰኝ ይህ የመጀመሪያዬ አይደለም፤ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ቀለማቸው እንኳ አንድ ነው፣ ያ ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልናገር። የሥነ ምግብ ባለሙያ አይደለሁም። ቆቦ ከተማ ውስጥ ኮምፒውተር ቤት ነው ያለኝ፤ ጽሑፍ እተይባለሁ፣ ባነርና የሠርግ ካርድ እሠራለሁ፣ ስልክ እጭናለሁ። ስልክ መጫን ምን እንደሆነ ለማታውቁት የአዲስ አበባ ሰዎች፦ ከሮቢት፣ ከጎብዬ፣ ከዞብል ማዶ ሳይቀር ሰው ሚሞሪውን ይዞ ይመጣል፤ እኔ መዝሙር፣ መንዙማ፣ የራያ ጭፈራ፣ ፊልም እሞላለታለሁ። ይሄን ሥራ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። እስከ ዛሬ አንድም ሰው «ፒዲኤፍ ጫንልኝ» ብሎኝ አያውቅም። አንድም። ይሄን ያህል ብቻ ነው የማውቀው፤ ግን ይቺው የማውቃት ነገር መጽሐፉን ያዘጋጁት ሰዎች ጋ የሌለች ይመስለኛል።

መጽሐፉን አወረድኩት። ከባድ ነው፤ በሱቄ ኔትወርክ ሁለቴ ተቋርጦ በሦስተኛው ነው የጨረሰው። ከፈትኩት። እውነቱን ለመናገር ያምራል። ፎቶዎቹ ጥርት ያሉ ናቸው፣ ገጹ እንደ እውነተኛ መጽሐፍ ይገለበጣል፣ «ሽው» የሚል ድምፅ ሁሉ አለው። ይዘቱም ውሸት የለበትም። ሕፃን እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ፣ ከስድስት ወር በኋላ ተጨማሪ ምግብ፣ ከሁሉም የምግብ ምድብ ማፈራረቅ፣ ይሄ ሁሉ ትክክል ነው። ጠቤ ከሳይንሱ ጋር አይደለም።

ከዚያ ቅጹን ልሞላ ስል እጄ ቆመ። የመጀመሪያው ጥያቄ «የመጽሐፉ ዲዛይን ለተጠቃሚዎች ምቹ ነው?» ነው። ከ1 እስከ 5 ምረጡ ይላል። እንዴ! ተጠቃሚው እኔ ነኝ እንዴ? ልጅ የለኝም፣ ገንፎ አላገነፋሁም። መጽሐፉ «ውድ እናቶች» ብሎ ነው የሚጀምረው። ታዲያ እናቶቹን ጠይቁ እንጂ! ቅጹን ዘግቼ ስልኬን ይዤ አክስቴ ቤት ሄድኩ።

አክስቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ ነው የምትኖረው። የልጇ ሚስት የዘጠኝ ወር ልጅ አላት። ጎረቤቶቿ ለቡና ተሰብስበው ነበር፤ ከአክስቴ ጋር አምስት ሴቶች፣ ሦስቱ ሙስሊም ሁለቱ ክርስቲያን፣ ወሎ አይደል። ከአምስቱ የራሷ ስማርት ስልክ ያላት አንዲት ናት። የአንዷ ቤት አንድ አለ፤ ግን ባሏ ይዞት እርሻ ሄዷል፤ «ማታ ሲመጣም ባትሪው አልቆ ነው» አለች። እንግዲህ ከመጀመሩ በፊት «ዲጂታል» የሚለው ቃል ላይ ብዙ ነገር ቀርቷል ማለት ነው። የራሴን ስልክ ሰጠኋቸውና ዝም አልኩ። እንዲህ ሲደረግ ዋናው ነገር ዝም ማለት እንደሆነ የሆነ ቦታ አንብቤ ነበር። በጣም ከባድ ነው። አፌን ብዙ ጊዜ ነክሻለሁ።

ሽፋኑ ላይ አባት፣ እናትና አንድ ልጅ ፈገግ ብለው ተቀምጠዋል። አንዷ እትየ አየችና «ይሄማ የወሊድ መቆጣጠሪያ ነው» ብላ ስልኩን ለቀጣይዋ አሳለፈችው። ስለ ምግብ መሆኑን ማንም አላወቀም። ለምን ያውቃሉ? አባት፣ እናትና አንድ ልጅ ያለበት ሥዕል በኖሩበት ዘመን ሁሉ ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ሲያዩት የኖሩት ስለ ምንድን ነው?

ሁለተኛው ገጽ ላይ ያ ታዋቂው ክብ ሳህን አለ፤ በቀለም ተከፋፍሎ፣ ይሄን ያህሉ እህል፣ ይሄን ያህሉ አትክልት። የአክስቴ ምራት ትኩር ብላ አየችውና «ርስት ሲካፈሉ ነው?» አለች። ቀልድ አይደለም የምላችሁ። እኛ ቤት ለየብቻ ሳህን የለም፤ ትሪ ነው ያለው፣ ሁሉም ከአንድ ትሪ ነው የሚበላው። ልጁ ከናቱ ጉርሻ ነው የሚጎርሰው። «የልጅዎ ሳህን ግማሹ…» የሚለው ዓረፍተ ነገር የሌለ ዕቃ ግማሹን ነው የሚናገረው።

ቀጥሎ «30 ግራም የበሰለ ምስር» ይላል። አነበብኩላቸው። አክስቴ ሳቀች። «ልጄ፣ ግራም የወርቅ አይደለም እንዴ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ቆቦ ላይ ግራም የሚባለው ወርቅ ቤት ነው። እህል በእፍኝ፣ በጣሳ፣ በቁና ነው። ወጥ በጭልፋ ነው። ይሄን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፤ አንድ ቀን ገበያ መዋል በቂ ነው።

እንቁላል ያለበት ገጽ ላይ ስንደርስ ሁለት ነገር ሆነ። አንደኛ፣ አክስቴ የእንቁላሏን ሥዕል በጣቷ ተጫነቻት። ምንም አልሆነም። ደግማ ተጫነች። «ለምን አትናገርም?» አለችኝ። ለእሷ ስልክ ማለት የሚናገር ዕቃ ነው፤ የልጇ ድምፅ ከሳዑዲ የሚመጣበት፣ መንዙማ የሚሰማበት። ዲዳ ስልክ ምን ያደርግላታል? ሁለተኛ፣ ከክርስቲያኖቹ አንዷ ገጹን ሳነብላቸው «በየትኛው ድስት?» አለች። መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ነገሩን አብራራችልኝ፦ ልጅ ሰባት ዓመት እስኪሞላው እንደማይጾም እሷም ታውቃለች፣ ቄሱም ነግረዋታል። ግን ሁዳዴ ሲገባ ቤት ያለው ድስት ታጥቦ ለጾም ሆኗል፤ ለልጁ ብላ እንቁላል ብትቀቅልበት ወይም ወተት ብታፈላበት የቤተሰቡ ሁሉ ጾም የተነካ ይመስላታል። «ልጁ አይጾምም፤ ድስቱ ግን ይጾማል» አለችኝ። በዓመት ውስጥ የጾም ቀን ስንት እንደሆነ ቁጠሩት፤ ከግማሽ ዓመት በላይ ነው። መጽሐፉ ስለ እንቁላል ሁለት ገጽ ሙሉ አለው፤ ስለ ድስት አንድም ቃል የለውም። መፍትሔው ደግሞ ቀላል ነው፦ አንዲት ትንሽ የልጅ ድስት። መጽሐፉ ይቺን ብቻ ቢል፣ ከሁለት ገጽ ፎቶ የበለጠ ይሠራ ነበር።

አሁን ዋናው መጣ። መጨረሻ ላይ «እንዴት ነው መጽሐፉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። አምስቱም «ጥሩ ነው! እግዜር ይስጥልን! አላህ ይጨምርላችሁ!» አሉ። ሁሉም። ቅጹን በነሱ ስም ብሞላው ኖሮ ከአምስት አምስት ነበር። ሪፖርቱ ላይ «ከተጠየቁት እናቶች 100 በመቶ የሚሆኑት ዲዛይኑን ወደውታል» ተብሎ ይጻፍ ነበር፤ ባለቀለም ግራፍም ይሠራለት ነበር።

ጎበዝ፣ እኛ ቤት የመጣ እንግዳን «ያመጣኸው ነገር አይረባም» የሚል ሰው አለ? እንግዳ ያመጣው ነገር ጥሩ ነው። ቡና አጥቁሮ ያስቀረበ ሰው «ቡናው እንዴት ነው?» ሲል «ግሩም ነው» ይባላል። «ጥሩ ነው» ሰላምታ እንጂ አስተያየት አይደለም። እውነተኛው አስተያየት የወጣው ገና ጥያቄ ሳልጠይቅ ነው፤ «የወሊድ መቆጣጠሪያ ነው» ብላ ያሳለፈችው እትየ፣ «ርስት ነው?»፣ «ግራም የወርቅ ነው»፣ «ለምን አትናገርም?»፣ «በየትኛው ድስት?»። አምስት ሴቶች፣ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሁለት ስኒ ቡና። ወጪው ይሄ ነው።

«አምስት ሰው ምን ይበቃል» የምትሉ ትኖራላችሁ። ያኮብ ኒልሰን የሚባል የድረ ገጽ ዲዛይን ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2000 የጻፈውን ፈልጋችሁ አንብቡ፤ የአንድን ነገር ዲዛይን አብዛኛውን ችግር ለማወቅ አምስት ተጠቃሚ በቂ ነው፣ ከዚያ በኋላ ያው ችግር ነው የሚደጋገመው ይላል። ይልቅ አምስት ጠይቃችሁ አስተካክሉ፣ ከዚያ ሌላ አምስት ጠይቁ ነው ምክሩ። እናንተ ግን አንድ ጊዜ ሦስት መቶ ሰው ቅጽ ታስሞላላችሁ፤ ሦስት መቶውም እንደ እኔ ዓይነት የቢሮ ሰው ነው።

ኑዛዜም አለብኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ እንዲህ ላለ ነገር «የማጽደቂያ ወርክሾፕ» ተጠርቼ ነበር። ሆቴል፣ ሻይ ቡና፣ አበል። ከሰዓት በኋላ አስተያየት መስጫ ወረቀት ታደለን። ምን እንደጻፍኩ ታውቃላችሁ? «በጣም ጥሩ ነው፣ ቢቀጥል»። መሄድ ፈልጌ ነበር፤ መኪናው ሳይሞላ ወደ ቆቦ ለመመለስ። እንግዲህ ያ ወረቀት የሆነ ቦታ ተደምሮ «የተጠቃሚ አስተያየት» ተብሏል። ስለዚህ ማንንም ስወቅስ ራሴንም ነው።

ለምን ይሄን ያህል ተንጨረጨርክ የምትሉኝ ካላችሁ፣ ቁጥሩን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶ ያህሉ ቀንጭረዋል፤ በዚያ ጊዜ የአገሪቱ አማካይ 38 ነበር። ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ካሉ የኢትዮጵያ ልጆች ውስጥ ደግሞ በድግግሞሹም በዓይነቱም ዝቅተኛውን መስፈርት ያሟላ ምግብ የሚያገኙት 7 በመቶ ብቻ ናቸው ይላል ያው ጥናት። በዚያው ጥናት ማንበብ የሚችሉት ሴቶች 42 በመቶ ናቸው። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች አንድ ላይ አስቀምጣችሁ የሚገለበጥ ፒዲኤፍ ለመሥራት የወሰነውን ሰው አስቡት። መንግሥት በሐምሌ 2007 የሰቆጣ ቃል ኪዳንን ሲያውጅ የመቀንጨርን ነገር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 እናጠፋለን ብሏል። ሰቆጣ የኛ ጎረቤት ናት። 2030 ደግሞ ደርሷል ማለት ይቻላል።

ሌላም ነገር አለ፤ ይሄኛው ከቁጥር ያልፋል። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የዓለም ካሜራ ከኛ ሜዳ በላይ ተራራው ላይ ባለችው ኮረም ነበር። መሐመድ አሚን ቀረጸው፣ የቢቢሲው ማይክል በርክ ዘገበው፣ ዓለም አለቀሰ። ትክክልም ነበር፤ እህል መጣ። ግን ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ስለ ምግብ ስንነሳ እኛ የምንታይ እንጂ የምንጠየቅ አይደለንም። አያቶቻችን በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ፎቶ ተነሱ፤ «ምን ትበላ ነበር? ምን ዘርተህ ነበር? መጀመሪያ የጎደለው ምን ነበር?» ብሎ ቁጭ ያለ ስንት ነው? አሁን ደግሞ ፎቶው ዞሮ ወደኛ መጣ፤ ምን መብላት እንዳለብን እኛው ፎቶ እናያለን። አሁንም የሚጠይቅ የለም።

ሰው ካልተጠየቀ ምን እንደሚቀር ልንገራችሁ። መጽሐፉ ውስጥ ጤፍ አለ፣ አጃ አለ፣ ሩዝ አለ። ማሽላ የለም። ማሽላ! የራያ ቆቦን ቆላ ሰው የማሽላን ነገር የነፈገ መጽሐፍ ለማን ነው የተጻፈው? እኛ ማሽላ ስንል አንድ እህል ማለታችን አይደለም፤ ደገለት አለ፣ ጅጉርቲ አለ፣ ለእንጀራ የሚሆነው፣ ለእሸት የሚሆነው፣ አገዳው እንደ ስኳር የሚመጠጠው ጥንቅሽ አለ።

ወሎ ውስጥ ገበሬው ከሌላው ማሽላ ጋር ቀላቅሎ ጥቂት ጥቂት የሚዘራቸው ሁለት ዓይነቶች ነበሩ፤ አንዱ «ወተት በጉንጬ» ሌላው «ማርጩቄ» ይባላሉ። ፍሬያቸው ጨምደድ ያለ ነው፣ ምርታቸው ያንሳል፤ ግን እሸቱ ሲጠበስ ይጣፍጣል። ገበሬው ምርታቸው ማነሱን እያየ አልጣላቸውም። አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሲንግና አክስቴል የሚባሉ ተመራማሪዎች በሺዎች የሚቆጠሩ የማሽላ ዓይነቶችን ሲመረምሩ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1973 ውጤቱን አሳተሙ፦ ላይሲን የሚባለው፣ በእህል ፕሮቲን ውስጥ ዋናው ጎዶሎ የሆነው ነገር፣ ከተለመደው ማሽላ እጅግ በልጦ የተገኘው ከኢትዮጵያ በመጡ ሁለት ዓይነቶች ውስጥ ነው። እነዚሁ የወሎዎቹ ናቸው። የወሎ ሰው ላቦራቶሪ ሳይኖረው «ወተት» ብሎ ስም አውጥቶላቸዋል! እንግዲህ ስሙ ራሱ የሥነ ምግብ መጽሐፍ ነው፤ አንድ ቃል፣ ያለ ዳታ፣ ያለ ባትሪ። (በነገራችን ላይ የዓለም የምግብ ሽልማትን እ.ኤ.አ. በ2009 የወሰደው የኛው ገቢሳ እጀታ የአክስቴል ተማሪ ነው፤ እሱ ደግሞ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ነው ያወጣው። አቀንጭራን የማያውቅ ቆቦ ይምጣና እርሻ ላሳየው።)

ስም ካነሳን የዚያን ዘመን «ፋፋ»ንም ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከስዊድኖች ጋር የተሠራው የሕፃናት ዱቄት። ዱቄቱን በሙሉ ልደግፍ አይደለም፤ ግን ስሙን ያወጣው ሰው እናት ምን እንደምትፈልግ ያውቅ ነበር። ልጄ ፋፋ። አለቀ። የአሁኖቹ አፖች ስማቸው በእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞው ልምጣ፤ ኮሜንት ላይ የሚመጣውን አውቃለሁ።

«ሰው ሥዕል ማንበብ ስለማይችል ነው እንጂ ዲዛይኑ ችግር የለበትም» የሚል አለ። ይሄ የቆየ ስድብ ነው፤ መልሱም ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1972 ደረጎቭስኪ የሚባል ተመራማሪ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ለሚገኙ የመኤን ሰዎች የእንስሳት ሥዕል አሳየ። ከዚያ በፊት ወረቀት ላይ የታተመ ሥዕል ሲሰጣቸው ሰዎቹ ሥዕሉን ትተው ወረቀቱን ያሸቱት፣ ያንኮሻኩሹት፣ ይቀምሱት ነበር፤ ወረቀት ብርቅ ነበራ። ስለዚህ ሥዕሉን በሻካራ ጨርቅ ላይ አሳትመው አመጡት። ጨርቅ ያውቃሉ። ያኔ አብዛኞቹ እንስሳውን ለዩት። ልብ በሉ፦ ችግሩ ሰውየው ሳይሆን ወረቀቱ ነበር። ያን ያወቁት ደግሞ ሰዎቹ ወረቀቱን ምን እንደሚያደርጉት ቁጭ ብለው ስላዩ ነው። አክስቴም ሥዕሏን የተጫነቻት ስላልገባት አይደለም፤ ስልክ ምን እንደሚሠራ ከናንተ የተሻለ ስለገባት ነው።

«ጤና ኤክስቴንሽኗ ታስረዳቸዋለች» የሚልም አለ። እሺ። ያቺ ልጅ ክትባቱን፣ የወሊድ ክትትሉን፣ የወባውን፣ የመጸዳጃ ጉድጓዱን፣ የሪፖርቱን ሁሉ ተሸክማ፣ በአንድ ቀበሌ ከሌላ አንዲት ጋር ሆና ትዞራለች። የኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2003 ከተጀመረ ወዲህ በላይዋ ላይ ያልተጫነ ነገር የለም። አሁን ደግሞ የናንተን መጽሐፍ ተርጓሚ ትሁን? አስተርጓሚ የሚፈልግ መጽሐፍ ለሕዝብ አልተዘጋጀም ማለት ነው።

ሦስተኛው «በኦንላይን ነው ብዙ ሰው የሚደረሰው» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። በ2013 እና በ2014 ጦርነቱ ቆቦን ሲረግጣት መብራትም ስልክም ለወራት አልነበረም። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ተዘጋ። በዚያ ጊዜ «ሊንኩን ይጫኑ» የሚል ማስታወቂያ ያዘጋጀ ሰው አልነበረም ብላችሁ ትማላችሁ? ክልሉ በሙሉ ያልመለሰበት የአስተያየት ቅጽ «በአገር አቀፍ ደረጃ የተሰበሰበ» እየተባለ ሲቀርብ ምን ይባላል? ዝም ያለው ሰው ተስማምቶ ሳይሆን ኔትወርክ አጥቶ ነበር። ዳታ በተዘጋባቸው ወራት እኔ ሱቅ ግን ሚሞሪ የሚያስሞላ ሰው አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጨምሮ ነበር።

ጥሩ ዲዛይን የማላውቅ እንዳይመስላችሁ። እኔ በዚህ ዘርፍ ካየሁት ሁሉ የምወደው አንድ ነገር ነው፤ ጤና ጣቢያ ያለችው የክንድ መለኪያ። አንዲት ቀጭን ፕላስቲክ። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ ክንድ ላይ ትጠመጠማለች፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀዩ ላይ ነው፣ እስከ 12.5 ቢጫው ላይ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ። ፊደል የማታውቅ እናት ታነባታለች። ባለቀለሟን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያስተዋወቀው አድናን ሻኪር የሚባል ኢራቃዊ የሕፃናት ሐኪም ነው። አክስቴ የልጅ ልጇን «ቢጫ ላይ ነበር፣ አሁን ወጣ» ብላ ነው የምትናገረው። ይኼው መረጃ በናንተ መጽሐፍ ገጽ 31 ላይ በሰንጠረዥ አለ። በአማርኛ ተተርጉሞ፣ በትንንሽ ፊደል።

ስለ ቲማቲሙም አንድ ነገር ልበል፤ ያለዚያ አይወጣልኝም። መጽሐፉ «ቀይና ብጫ አትክልት በቀላሉ በአካባቢዎ ያገኛሉ» ይላል። የቆቦ ሜዳ፣ ሆርማት፣ ጎሊና፣ ዋጃ፣ ጉድጓድ ተቆፍሮ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ይመረታል፤ እውነት ነው። ግን ያ ምርት አይሱዙ ላይ ተጭኖ ነው የሚሄደው። ለማዳበሪያው፣ ለናፍጣው፣ ለውኃው ክፍያ ነው። ማሳ ላይ ቲማቲም መኖሩና ልጅ አፍ ውስጥ ቲማቲም መኖሩ ሁለት ነገር ነው። «ልጅሽ ለምን አይበላም?» ብሎ የጠየቀ ሰው ቢኖር «ይሄማ የሚሸጠው ነው» ትለዋለች። ከሚሸጠው የተፈነከተውን፣ ነጋዴው የጣለውን ለልጁ አስቀሪ ብሎ መምከር ይቻላል። ግን መጀመሪያ መጠየቅ።

በጎውንም እናገራለሁ፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 የራሷን የአመጋገብ መመሪያ ማውጣቷ ትልቅ ነገር ነው። የውጭ መመሪያ ከመቅዳት ወጣን። ግን መመሪያ ከአዲስ አበባ እስከ ቆቦ 570 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ መሀል ላይ ዲዛይነር አለ፣ ተርጓሚ አለ፣ አማካሪ አለ፤ እያንዳንዱ ከራሱ ወጥ ቤት ትንሽ ይጨምርበታል። እኛ ጋ ሲደርስ አቮካዶ ሆኖ ይመጣል።

እና ምን ይደረግ ለምትሉኝ፣ የምጠይቀው ትንሽ ነው። ይሄንኑ መጽሐፍ አትጣሉት። ጽሑፉን በሰው ድምፅ አስነብቡት፤ የኛን አነጋገር በሚያውቅ ሰው፣ የሬዲዮ ጣቢያ ጋዜጠኛ ባልሆነ ሰው። እንቁላሏ ስትነካ ትናገር። ግራሙን በእፍኝ ቀይሩት። ማሽላውን አስገቡ። የልጅ ድስት የምትል አንድ ገጽ ጨምሩ። በድምፅ ፋይል ብቻ የሚሄድ፣ ባትሪ የማይበላ፣ በተራ ስልክ ሚሞሪ ላይ የሚጫን አንድ ቅጂ አውጡ። እኔ በሱቄ በነጻ እጭነዋለሁ፤ ከመንዙማውና ከመዝሙሩ ቀጥሎ። የሰዉን ሚሞሪ እየሞላሁ ማን እንደገና ሊያስጭን መጣ፣ ማን አጠፋው፣ ማን ለእህቱ ላከው እያልኩ እመዘግብላችኋለሁ፤ ከቅጻችሁ የተሻለ አስተያየት እሱ ነው። ሌላም ከተማ እንደኔ ያለ የስልክ ጫኝ ሞልቷል። ማንም ጠይቆን አያውቅም እንጂ።

ከዚያ ደግሞ አንድ ሰው ከዲዛይን ክፍላችሁ ላኩ፤ አለቃውን ሳይሆን ሥዕሉን የሣለውን ልጅ። አክስቴ ቤት አስቀምጠዋለሁ። ቡና አለ። ደንቡ አንድ ብቻ ነው፣ ስልኩን ሰጥቶ ዝም ማለት።

ቅጹን በመጨረሻ ሞላሁት። ይሄን ሁሉ ልጽፍበት ፈልጌ ነበር፤ የአስተያየት ሣጥኑ 500 ፊደል ብቻ ነው የሚቀበለው። ስለዚህ የአክስቴን ጥያቄ ብቻ አስገባሁ፦ «እንቁላሏ ለምን አትናገርም?» ወዲያው መልስ መጣልኝ፤ «ውድ ተሳታፊ፣ አስተያየትዎ ደርሶናል፤ እናመሰግናለን።» ለአክስቴ አነበብኩላት። «ማነው የላከው?» አለችኝ።